መድኃኒቱ የሚፈተነው በማን ላይ ነው?

የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድል በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች አዲስ ተይዘውበታል፤ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ደግሞ ሞተውበታል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከሳንባ አልፎ ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያዝዘው መድኃኒት ትክክለኛው መሆኑ ትልቅ ትርጉም አለው። ሁለተኛውን መድኃኒት ለመሞከር አቅምም ጊዜም የማይተርፈው ታካሚ ጥቂት አይደለም። ይህ ሁሉ እየታወቀ ግን «መድኃኒቱ ለዚህ ሰው ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በአብዛኛው የሚመለሰው በታካሚው ገላ ላይ ነው። መድኃኒቱ ይሰጣል፤ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ይጠበቃል፤ ሲቲ ስካን ይነሣል። ዕጢው ካነሰ ይቀጥላል፣ ካደገ ሌላ ይሞከራል። በመካከሉ ፀጉር ይረግፋል፣ የደም ሴል ይወርዳል፣ ምግብ አልወርድ ይላል፤ ቤተሰብም ያለውን ገንዘብ ያሟጥጣል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ የዚህን አካሄድ ድክመት በቁጥር ያሳያል። ሙከራው የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ከ1,100 በላይ ታካሚዎች በአራት ቡድን ከፍሎ አራት ዓይነት የኬሞቴራፒ ቅንጅቶችን አወዳደረ። አራቱም እኩል ወጡ። ዕጢያቸው በሚታይ መጠን የቀነሰላቸው ከመቶ 19ኙ ብቻ ሲሆኑ፣ ከታካሚዎቹ ግማሹ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ሞቱ። ሐኪሞች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት «ከአራቱ የትኛውም ቢሰጥ ለውጥ የለውም» የሚል ነበር። ለቡድኑ አማካይ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪም ፊት የሚቀመጠው አማካይ አይደለም። ከ19ኙ አንዱ የሆነ ሰው በተሰጠው ቅንጅት ተጠቅሟል፤ ከቀሩት ከሰማንያ በላይ ሰዎች መካከል ሌላኛው ቅንጅት የሚሻለው ይኑር አይኑር ግን ማንም አላወቀም። ምናልባትም ከአራቱ አንዱም የማይሠራላቸው ነበሩ። እነዚህ የመድኃኒቱን መርዝ ተሸክመው የመጨረሻ ወራቸውን አሳለፉ።

ከዚያ ወዲህ የዘረመል ምርመራ መጥቶ ብዙ ነገር ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ የሚደርስ ለውጥ አንዳንድ የሳንባ ዕጢዎችን ለተወሰኑ እንክብሎች በቀላሉ እንዲሸነፉ እንደሚያደርግ ታወቀ። በ2015 ኦሲመርቲኒብ፣ በ2021 ደግሞ ለአርባ ዓመት ገደማ «መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል የኖረውን ኬራስ የተባለ ዘረመል የሚመታው ሶቶራሲብ በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ። ስለዚህ «የዘረመል ምርመራ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ከራሱ ከሶቶራሲብ ታሪክ ይገኛል። መድኃኒቱ ፈቃድ ባገኘበት ሙከራ የገቡት በሙሉ ትክክለኛው የኬራስ ለውጥ ያላቸው ታካሚዎች ነበሩ፤ ዕጢያቸው በሚታይ መጠን የቀነሰላቸው ግን ከመቶ 37ቱ ገደማ ናቸው። ዘረመሉ አንድ ሆኖ ምላሹ ተለያየ። ከዚህም በላይ መድኃኒት የሚገኝለት የዘረመል ለውጥ ጭራሽ የማይታይባቸው ብዙ ዕጢዎች አሉ። የዘረመል ምርመራ የዕጢውን ጽሑፍ ያነብልናል፤ ዕጢው መድኃኒት ሲነካው ምን እንደሚያደርግ ግን በቀጥታ አያሳየንም።

ዕጢውን ከሰው ውጭ አሳድጎ መድኃኒት የመፈተን ሐሳብ አዲስ አይደለም። የካንሰር ተመራማሪዎች ለብዙ አስርት ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት በፕላስቲክ ሳህን ላይ ተነጥፈው በሚባዙ ሴሎች ነው። በሳንባ ካንሰር ምርምር በጣም የታወቀው የሴል ዝርያ ኤ549 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአንድ የ58 ዓመት ሰው ዕጢ የተወሰደ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ሲራባ ኖሯል። ብዙ ዕውቀት አስገኝቷል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ዕጢ ነው፣ ለፕላስቲክ ኑሮ ራሱን ያስማማ ዕጢ ነው፣ እንደ ዕጢ ተጠቅልሎ የማያድግ ጠፍጣፋ ንጣፍ ነው። የታካሚን ዕጢ በአይጥ ላይ መትከል የተሻለ ይመስላል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ዋጋው ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይዝም። በቤተ ሙከራና በአይጥ ተስፋ ሰጥተው ወደ ሰው ሙከራ ከሚገቡ የካንሰር መድኃኒቶች ከመቶ አሥር የሚሆኑት እንኳ ለገበያ አለመብቃታቸው፣ እነዚህ መፈተኛዎች ምን ያህል እንደሚያሳስቱ በቂ ማስረጃ ነው።

ኦርጋኖይድ የመጣው በዚህ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ፣ በሁብሬክት ኢንስቲትዩት፣ ጃፓናዊው ቶሺሮ ሳቶና የቤተ ሙከራው መሪ ሃንስ ክሌቨርስ ከአይጥ አንጀት አንዲት ግንደ ሕዋስ ወስደው ተገቢውን የዕድገት ፕሮቲን ሲሰጧት፣ ራሷን እያባዛች የአንጀትን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ባለ ሦስት አቅጣጫ ቅርጽ ሠራች። ሴሎቹ ማንም ሳያዝዛቸው እንደ አንጀት ተደረደሩ። ከዚያም ተመሳሳዩ ዘዴ በሰው አንጀት፣ በጉበት፣ በቆሽት፣ በሳንባ፣ ቀጥሎም በዕጢዎች ላይ ተሞከረ። የዕጢ ኦርጋኖይድ ማለት እንግዲህ ከአንድ ታካሚ ዕጢ ተወስዶ፣ የዚያን ዕጢ የዘረመል ለውጥና የሴል አደራደር በብዛት ይዞ በቤተ ሙከራ የሚያድግ ጥቃቅን የዕጢ ክምችት ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ኋላ የምናነሣቸው ችግሮች በሙሉ የሚመነጩት ከዚሁ ነው። ናሙናው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ዕጢ፣ በአየር ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ወይም በመርፌ ይወሰዳል፤ በመርፌ ሲሆን ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን ቀጭን ሥጋ ብቻ ነው። በቀዝቃዛ ፈሳሽ ተይዞ በፍጥነት ወደ ቤተ ሙከራው ይሄዳል። ባለሙያዋ በስለት ትከትፈዋለች፣ ሴሎቹን የሚያያይዘውን ነገር በሚፈታ ኢንዛይም ታሟሟዋለች፣ በማጣሪያ ታሳልፈዋለች። የተገኙትን ሴሎች ማትሪጄል ከሚባል ነገር ጋር ታዋህዳለች። ማትሪጄል ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ የፕሮቲን ቅልቅል ነው፤ በረዶ ላይ ሳለ ፈሳሽ ነው፣ በሰውነት ሙቀት ግን እንደ እርጎ ይረጋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በረዶ ላይ፣ በችኮላ ይካሄዳል። ጠብታ ጠብታ እያደረገች ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ ጠብታው 37 ዲግሪ ውስጥ ከረጋ በኋላ የዕድገት ፕሮቲኖች ያሉበት ፈሳሽ ታፈስስበታለች፤ ፈሳሹንም በየሁለት ሦስት ቀኑ ትቀይራለች። ከተሳካ፣ ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ በማይክሮስኮፕ ሥር ክብ ክብ ነገሮች ይታያሉ፤ ብዙዎቹ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ቢሆኑ ነው።

ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ኦርጋኖይዶቹ 384 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ይከፋፈላሉ፤ በየጉድጓዱ የተለያየ መድኃኒት፣ የአንዱም መድኃኒት የተለያየ መጠን ይጨመራል። ጥቂት ቀን ተጠብቆ፣ በሕይወት ያለ ሴል ሁሉ ለኃይል የሚጠቀምበት ኤቲፒ የተባለው ንጥረ ነገር ይለካል። ለዚህም በጨለማ ከሚያበሩ ነፍሳት የተገኘ ኢንዛይም ይጨመራል፤ ኤቲፒ ካለ ጉድጓዱ ያበራል፣ ሴሎቹ ከሞቱ ይጨልማል። መሣሪያው የብርሃኑን መጠን መዝግቦ መድኃኒቱ ሲጨምር ብርሃኑ እንዴት እንደቀነሰ የሚያሳይ መስመር ይሠራል። በአንድ ታካሚ ስም አሥር ወይም ሃያ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይፈተናል፤ የታካሚውን ገላ ግን አንድም ጠብታ አልነካም።

ይህ ሁሉ ሲሰማ ልብ ይሞላል። ስለዚህ ነው ጥያቄውን ጠበብ አድርጎ መያዝ የሚያስፈልገው። በእኔ እምነት እስካሁን ያለው ማስረጃ የሚለው ይህን ነው፦ ኦርጋኖይድ «ይህ መድኃኒት አይሠራም» ሲል የሚታመነውን ያህል «ይሠራል» ሲል አይታመንም፤ «አይሠራም» የሚለውም ቃሉ የሚያዘው በቀጥታ የዕጢውን ሴል ለሚመቱ መድኃኒቶች ብቻ ነው። ጥቅሙን ከዚህ በላይ አስፍቶ ለታካሚ መሸጥ ሰውን ማታለል ነው፤ ከዚህ አሳንሶ መናቅም እውነተኛ መሣሪያ መጣል ነው።

ለመጀመሪያው ክፍል ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከሳንባ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በለንደን የካንሰር ምርምር ኢንስቲትዩት የተመራ ቡድን፣ የተሰራጨ የአንጀትና የጨጓራ ካንሰር ካለባቸው ታካሚዎች ኦርጋኖይድ አሳድጎ፣ ኦርጋኖይዶቹ ለመድኃኒት የሰጡትን ምላሽ ታካሚዎቹ ካገኙት ውጤት ጋር አስተያየ። ኦርጋኖይዱ «አይሠራም» ባለበት ሁሉ መድኃኒቱ ለታካሚውም አልሠራም። «ይሠራል» ካለባቸው መካከል ግን ለታካሚውም የሠራው ከመቶ 88 በሚሆነው ነበር። የታካሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለነበር መቶ በመቶ የሚለውን ውጤት እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም። ልዩነቱ ግን በተፈጥሮው የሚጠበቅ ነው። መድኃኒቱን እንደልቡ አግኝቶ፣ የሚያስቸግረው ጉበት፣ ኩላሊትና ጠባብ የደም ሥር ሳይኖር እንኳ ያልሞተ ሴል፣ በሰው ገላ ውስጥ በቀነሰ መጠን ይሞታል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። በሳህን ላይ የሞተ ሴል ግን በገላ ውስጥ ማምለጫ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛውን ክፍል፣ ማለትም የ«ይሠራል»ን ድካም፣ ያሳየን በአምስተርዳም የኔዘርላንድስ ካንሰር ኢንስቲትዩት የተሠራ ሙከራ ነው፤ ውጤቱ በ2021 ታትሟል። 61 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች ገቡ። ኦርጋኖይድ ማሳደግ የተቻለው ከግማሽ ጥቂት ለሚበልጡት ነበር። ከተፈተኑት 25 ኦርጋኖይዶች 19ኙ ቢያንስ ለአንድ የሙከራ መድኃኒት ምላሽ ሰጡ። በኦርጋኖይዳቸው ምስክርነት መሠረት መድኃኒቱን እስከ መውሰድ የደረሱት ግን ስድስት ታካሚዎች ብቻ ሆኑ፤ ከስድስቱ የአንዱም ዕጢ አልቀነሰም። ተመራማሪዎቹ ይህን ያልተሳካ ውጤት ሳይሸሽጉ ማሳተማቸው ሊመሰገኑበት ይገባል፤ ከብዙ የተሳኩ ዘገባዎች ይልቅ የበለጠ ያስተምራል። ብዙዎቹ ታካሚዎች መድኃኒቱ ሳይደርሳቸው የደከሙ ነበሩ፤ ለደረሳቸውም የሳህኑ ተስፋ በገላቸው አልተደገመም።

ወደ ሳንባ ስንመጣ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ስለዚህ ችግር ረዘም አድርጎ መናገር የሚያስፈልገው ብዙ የዜና ዘገባዎች ስለሚያልፉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሴኡል የአሳን ሕክምና ማዕከል የሚገኙ ተመራማሪዎች አምስት ዓይነት የሳንባ ካንሰርን የሚወክሉ 80 የዕጢ ኦርጋኖይዶችን ከአምስት የጤነኛ አየር ቧንቧ ኦርጋኖይዶች ጋር ማከማቸታቸውን አሳወቁ። ውጤቱ ትልቅ ተስፋ ፈጠረ። በቀጣዩ ዓመት ግን ከላይ የተጠቀሰው የአምስተርዳሙ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበት። ያሳደጓቸውን ኦርጋኖይዶች አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ከሳንባ ውስጥ ከተወሰዱ ናሙናዎች ከአምስቱ በአራቱ ዕጢው በጤነኛ የአየር ቧንቧ ሴሎች ተውጦ አገኙት። ንጹሕ የዕጢ ኦርጋኖይድ የተገኘው ከመቶ 17 በሚሆኑት ብቻ ነበር። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ለዕጢ የሚሰጠው የዕድገት ፈሳሽ ለጤነኛው የሳንባ ሴል የበለጠ ይስማማዋል። ጤነኛውም ከዕጢው ቀድሞ ይራባል።

ይህ የቤተ ሙከራ ጣጣ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ሳህኑ ላይ ያለው ጤነኛ ሴል ከሆነ፣ የሚፈተነው መድኃኒት የሰውየውን ካንሰር ሳይሆን የሰውየውን ጤነኛ ሳንባ ነው የነካው፤ ለሐኪሙ የሚደርሰውም ወረቀት ከታካሚው በሽታ ጋር ምንም የማይገናኝ ቁጥር ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱም ክብ ክብ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኦርጋኖይድ ከመጀመሪያው ዕጢ ጋር በዘረመል መመሳከር አለበት። የዩትሬክት ተመራማሪዎች በ2019 አንድ ብልሃት አሳይተዋል፦ ነትሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ይጨምራሉ። ነትሊን ፒ53 የተባለው ዘብ ዘረመል በደህና ያለባቸውን ሴሎች እንዳያድጉ ያግዳል፤ ዘቡ የተሰበረባቸው የካንሰር ሴሎች ግን ይቀጥላሉ። በዚህ መንገድ ጤነኞቹ ይለቀማሉ። ነገር ግን ፒ53 ያልተሰበረበት የሳንባ ዕጢም ብዙ ነው፤ እነዚህ ዕጢዎች ከጤነኞቹ ጋር አብረው ይጠፋሉ። ብልሃቱ ለሁሉም አይሆንም።

መውጫ መንገድ የተገኘው ካልታሰበ ቦታ ነው። የሳንባ ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ በሳንባ ዙሪያ ውሃ ይቋጠራል፤ ሐኪሞች ታካሚው እንዲተነፍስ ሲሉ ይህን ውሃ በመርፌ ያወጣሉ። ውሃው ውስጥ የካንሰር ሴሎች ይንሳፈፋሉ፤ የአየር ቧንቧ ጤነኛ ሴሎች ግን አይገኙበትም። ዕጢውን የሚውጠው ባላጋራ ስለሌለ ኦርጋኖይዱ ንጹሕ ሆኖ የማደግ ዕድሉ ይሰፋል፤ ታካሚውም ለሌላ ናሙና አይወጋም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የቻይና ጥናት በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ላይ የተመሠረተ ነበር። 107 የተሰራጨ ወይም የገፋ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ታካሚዎች ተከትሎ፣ የኦርጋኖይዱ ትንበያ ከታካሚው ውጤት ጋር ከመቶ 83 በሚሆነው እንደተስማማ ዘገበ። ለሳንባ ካንሰር እስካሁን ካየናቸው ጠንካራ መረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ከመቶ በ17ቱ ተሳስቷል ማለትም ነው። ጥናቱ ደግሞ ኦርጋኖይዱን ተከትሎ መድኃኒት መምረጥ ዕድሜ ያራዝማል ወይ የሚለውን ጥያቄ በዕጣ በተከፈሉ ሁለት ቡድኖች አልፈተነም፤ ትንበያውንና የሆነውን ነው ያስተያየው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ኦርጋኖይድ እስኪያድግ ሁለት ወር መጠበቅ አይችልም፤ ትንሽ ሴል የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ላለበት ደግሞ ሁለት ሳምንትም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቤጂንግ የጺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣም ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉት ሰሌዳ ሠርተው፣ ኦርጋኖይዱ እስኪበዛ ሳይጠብቁ ፈተናውን በአንድ ሳምንት መጨረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ ዘዴ በስፋት ከያዘ የጊዜው ክርክር ይዳከማል። የዘረመል ምርመራውም ራሱ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በላይ ይፈጃልና ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ኦርጋኖይዱ የሌለውን የሚቆጥረው ነው። የደም ሥር የለውም። ቤቫሲዙማብ ዕጢው የደም ሥር እንዳይዘረጋ የሚከለክል መድኃኒት ስለሆነ፣ በኦርጋኖይድ ላይ ቢሞከር ምንም ሳያደርግ ይቀራል፤ በሰው ገላ ውስጥ ግን ይሠራ ይሆናል። በሽታ የመከላከል ሥርዓትም የለውም። ዛሬ ብዙ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች የሚሰጣቸው ኢሚውኖቴራፒ ደግሞ ዕጢውን ራሱ አይነካም፤ የታካሚውን ነጭ የደም ሴሎች ፍሬን ይፈታል እንጂ። ስለዚህ በተለመደው ኦርጋኖይድ ላይ «ኢሚውኖቴራፒ አይሠራም» የሚል ውጤት ትርጉም የለውም። ቃሉ የሚያዘው የዕጢውን ሴል በቀጥታ ለሚመቱ መድኃኒቶች ብቻ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት እየተሞከረ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የአምስተርዳሙ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የታካሚውን የደም ነጭ ሴሎች ከራሱ ዕጢ ኦርጋኖይድ ጋር አብረው አቆይተው፣ ዕጢውን ለይተው የሚገድሉ፣ ጤነኛውን የማይነኩ ሴሎች ማፍራት ችለዋል፤ ከተሞከሩት መካከል የሳንባ ዕጢዎች ነበሩበት። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የዕጢውን ቁራጭ ሳይበታትን፣ ነጭ ሴሎቹም አብረውት እንዳሉ ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆይ ዘዴ አሳየ። ሁለቱም የምርምር መንገዶች ናቸው፤ ለሐኪም ጠረጴዛ ገና አልበቁም።

ሌላው ተቃውሞ ከራሴ አቋም ላይ የሚነሣ ነው፦ «አይሠራም» የሚለው ቃል ከተሳሳተስ? የሚሠራ መድኃኒት ከታካሚው እጅ ይነጠቃል፤ ከማይሠራ መድኃኒት መርዝ ይልቅ ይህ ይከፋል። ይህ ስጋት ታሪክ አለው። ከኦርጋኖይድ በፊትም የታካሚን የዕጢ ሴል በሳህን ላይ ከኬሞቴራፒ ጋር የሚፈትኑ ልዩ ልዩ ምርመራዎች ለገበያ ቀርበው ነበር። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2004፣ ከዚያም በ2011 ማስረጃውን መርምሮ፣ ከምርምር ሙከራ ውጭ እነዚህን ተከትሎ መድኃኒት መምረጥ አይገባም ብሏል። ኦርጋኖይድ ከእነዚያ የተሻለ መሣሪያ ነው፤ ዕጢውን የበለጠ ይመስላል፣ ከመጀመሪያው ዕጢ ጋርም ተመሳክሮ ሊረጋገጥ ይችላል። ነገር ግን ፈተናው ያው ነው፤ ኦርጋኖይዱን የተከተሉ ታካሚዎች ካልተከተሉት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ወይም በተሻለ ጤና ይኖራሉ? ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ «አይሠራም» የሚለው ቃል ሊመዝን የሚገባው መድኃኒቶቹ በማስረጃ እኩል በሆኑበት ቦታ ነው። የ2002ቱን ሙከራ እናስታውስ፤ አራት ቅንጅቶች እኩል ቆመው ሐኪሙ የሚለይበት ምንም ሚዛን ሳይኖረው፣ ኦርጋኖይዱ ሁለቱን ቢያስወጣ ታካሚው የሚያጣው ትንሽ ነው። ዕድሜ እንደሚያራዝም የተረጋገጠ መድኃኒት ባለበት ግን ኦርጋኖይድ ያንን የመሻር ሥልጣን የለውም።

«የሚሞት ሰው የዕጣ ሙከራ እስኪያልቅ ይጠብቅ ማለት ጭካኔ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ከሐዘን የመጣ ነውና ሊከበር ይገባዋል። ግን ያልተፈተነ ምርመራ መሸጥ ለዚያ ሰው ደግነት አይሆንም። የአምስተርዳሙ ስድስት ታካሚዎች ውጤት የሚነግረን፣ ሳህን ላይ የተገኘ ተስፋ በብዙ ድካም ተገዝቶ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ነው። የሚሞተውን ሰው የሚጠቅመው ሙከራው በፍጥነትና በስፋት እንዲሠራ፣ እሱም ገንዘብ ሳይከፍል እንዲገባበት ማድረግ ነው።

ይህን ሥርዓት የጠበቀ አካሄድ ውጤት እንደሚሰጥ የሚያሳይ ምሳሌ በሌላ የሳንባ በሽታ አለ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በዘር የሚተላለፍ፣ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩትሬክት ተመራማሪዎች ከታካሚ የፊንጢጣ ግድግዳ በተወሰደ ቅንጣት ኦርጋኖይድ አሳድገው፣ የተበላሸው የጨውና የውሃ መተላለፊያ በመድኃኒት ከተከፈተ ኦርጋኖይዱ እንደሚያብጥ አሳዩ። በጣም ብርቅ የዘረመል ለውጥ ያላቸው፣ ለትልቅ ሙከራ የማይበቃ ቁጥር ያላቸው ታካሚዎች በዚህ ምርመራ መድኃኒት አግኝተዋል። እዚያ የተሳካው ጥያቄው አንድ ስለነበር ነው፤ በሩ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም? ካንሰር እንዲህ አይደለም። በአንድ ታካሚ ገላ ውስጥ እንኳ የሳንባው ዕጢና የአንጎሉ ዕጢ ይለያያሉ፤ ከአንዱ የተወሰደ ቅንጣት ስለ ሌላው አይመሰክርም።

በምርምር በኩል ግን ኦርጋኖይድ ከአሁኑ ጥቅሙን እያሳየ ነው ማለት ይቻላል። ኦሲመርቲኒብ የጠቀመው ታካሚ ብዙ ጊዜ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዕጢው መድኃኒቱን ይለምዳል። ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ የተወሰዱ ኦርጋኖይዶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው በር እንደተከፈተ መፈለግ፣ ያንን በር የሚዘጋ ሁለተኛ መድኃኒት መሞከር ይቻላል፤ ብንሳሳትም የሚጎዳ ሰው የለም። የአሜሪካ ሕግ በ2022 መጨረሻ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ሙከራ ከመግባቱ በፊት በእንስሳት መፈተን አለበት የሚለውን ግዴታ አንሥቷል፤ በሚያዝያ 2025 ደግሞ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለአንዳንድ መድኃኒቶች የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ በኦርጋኖይድና በመሰል ዘዴዎች ለመተካት ዕቅዱን አሳውቋል።

ይህ ከሆነ ደግሞ በኦርጋኖይድ ክምችቱ ውስጥ የማን ዕጢ አለ የሚለው ጥያቄ ቅንጦት መሆኑ ይቀራል። እስካሁን የታወቁት የሳንባ ኦርጋኖይድ ክምችቶች የተሠሩት በኔዘርላንድስ፣ በኮሪያ፣ በቻይና፣ በአሜሪካና በመሰል አገሮች ታካሚዎች ነው። የኢጂኤፍአር ለውጥ አዴኖካርሲኖማ የተባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ባለባቸው የምሥራቅ እስያ ታካሚዎች ዘንድ ግማሽ ገደማ ሲደርስ፣ በአውሮፓ ዝርያ ታካሚዎች ከመቶ ከ10 እስከ 15 ነው፤ የሳንባ ዕጢ ከሕዝብ ሕዝብ እንደሚለያይ ይህ ብቻ ያስረዳል። የአፍሪካውያን ዕጢ መረጃ እጅግ ቀጭን ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚታከሙ ወገኖቻችን ከሚወጣላቸው ዕጢ ጥቂቱን ለምርምር እንዲሰጡ ሊጠየቁ ይችላሉ። ጥርጣሬ ቢያድርባቸው ምክንያት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ከአሜሪካዊቷ ታካሚ ከሄንሪየታ ላክስ ሳትጠየቅ የተወሰዱት የካንሰር ሴሎች ዓለምን ሲያገለግሉ ቤተሰቧ ለብዙ ዓመታት አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ መከልከልም ሕክምናውን አይነካም። ጠይቀው፣ ተረድተው ቢሰጡ፣ ነገ በዚያ ክምችት ላይ የሚፈተነው መድኃኒት የእኛንም ዕጢ የሚያውቅ ይሆናል።

ለታካሚና ለቤተሰብ የምለው ይህን ነው። የሳንባ ካንሰር ከታወቀ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የተሟላ የዘረመል ምርመራ ነው። የኦርጋኖይድ ምርመራ በገንዘብ ከቀረበላችሁ፣ ያደገው በእርግጥ ዕጢው መሆኑ በዘረመል ተመሳክሮ እንደሆነ፣ ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስና የተፈተኑት መድኃኒቶች የትኞቹ እንደሆኑ በጽሑፍ ጠይቁ። ሐኪማችሁ ኦርጋኖይዱ የሚመረመርበት የምርምር ሙከራ ካለ ያለ ክፍያ እንድትገቡበት ይርዳችሁ። ዕድሜ እንደሚያራዝም የተረጋገጠ መድኃኒትን ግን በሳህን ላይ በተገኘ ውጤት ብቻ አታቋርጡ።